ከዱቄቱ በላይ አራት ጣት

አማን፣ ዮርዳኖስ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለአቶ ገብሬ፣ ቡታጅራ

አባዬ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ግን አፍሬ ነው የምጀምረው። ስልክ ብደውል «እ? ማን? ጮክ በይ!» እያልክ የአማንን ሰው ሁሉ እንደምታስቀሰቅሰኝ ስለማውቅ እንደ ልማዳችን በወረቀት ይሻለናል። እማዬ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም የላከችልኝን ደብዳቤ አትሜ ነው የማነበው። የቢሮ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ያሸግህልኝን ሳጥን ከመጣሁ ጀምሮ ያልከፈትኩት ፈርቼ ነው። ትናንት ጸልዬ ከፈትኩት። መድኃኒቱ ያለባቸው አሥራ ሁለቱም የብርጭቆ ቱቦዎች ባሸግካቸው ልክ ናቸው፤ አንድም አልተሰነጠቀም። ቁጥሮቹም አልተፋቁም። የምለካበት የኤክስሬይ ማሽን ኃላፊ (ዮርዳኖሳዊት ናት፣ እንደ እማዬ ቁጡና ደግ) አንዱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና «ከየት ገዛሽው?» አለችኝ። «አባቴ ነው በእጁ የሠራው» ስላት አላመነችኝም። ሃያ ዓመት በመድኃኒት ፋብሪካ የመርፌ አምፑል በእሳት ሲያሽግ እንደኖረ፣ አሁን ደግሞ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ መስታወት እንደሚቆርጥ ነገርኳት። ደረቴን ነፍቼ ነበር።

«ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ የሄድሽው ቡላ ልታዪ ነው?» ላልከው፣ አዎ አባዬ፣ ቡላ ላይ ነው። ያ የወስፋት መድኃኒት ውሃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሟም ብዬህ አልነበር? ቅንጣቶቹ ተሰልፈው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። ከቸሃ ካስመጣነው ቡላ ጋር አብስዬ ሳደርቀው ሰልፉ ይፈርሳል፤ ሰልፉ የፈረሰ መድኃኒት ደግሞ ቶሎ ይሟሟል። ጠላቱ እርጥበት ነው። እርጥበት ካገኘ ተደብቆ መልሶ ይሰለፋል። የአራት ዓመት ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ቡላው ዓመቱን ሙሉ፣ የወልቂጤን ክረምት ጨምሮ፣ ሰልፉን ከልክሎ ይይዘዋል ወይስ አይይዘውም?

ኤክስሬይ ሲያርፍበት የተሰለፈ ነገር ስለታም ስለታም ጫፎች ይሰጣል። ያልተሰለፈ ግን አንድ ደብዛዛ ጉብታ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ጉብታውን አይቶ «ምንም የለውም» ይላል። እኛ ጉብታውንም፣ ከሥሩ ያለውንም ሳንጥል ሰብስበን በሂሳብ እንገለብጠዋለን። ያኔ እያንዳንዷ አቶም ጎረቤቷ ስንት ርቀት ላይ እንዳለች የሚናገር መስመር ይወጣል። የቡታጅራን ገበያ አስበው፤ ማንም አልተሰለፈም፣ ግን ሰው ከሰው ጋር የሚቆምበት የታወቀ ርቀት አለ። እኛ የምንጠይቀው ያንን ርቀት ነው።

ማሽኑ የተሰጠኝ ከየካቲት 24 እስከ 26፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ካመለጠኝ ሌላ ተራ የሚደርሰኝ ከዓመት በኋላ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፈቃዴ ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል። ያኔ የአራት ዓመቱ ሥራ እንዲሁ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ብርጭቆም ራሱ ሰልፍ የሌለው ነገር ነው፤ ጨረሩ ሲመታው የራሱን ጉብታ ያመጣል። የቡላውን ለይቼ ለማየት የብርጭቆውን መቀነስ አለብኝ፤ ለመቀነስ ደግሞ ባዶ ቱቦ ለብቻው መለካት አለብኝ። አባዬ፣ ባዶ ቱቦ ሳልይዝ መጣሁ! አማካሪዬ ዶክተር ያረጋል ወልቂጤ ላይ «ባዶውን አትርሺ» ብለው ሦስት ጊዜ ነግረውኝ ነበር። የዚህ አገር ቱቦ አይሆንም፤ ብርጭቆው ሌላ ነው። ከዚያው ከአንተ ብርጭቆ በእሳት ለስልሶ የተሳበ፣ በሁለቱም ጫፍ የታሸገ ባዶ ቱቦ ሁለት ወይም ሦስት እፈልጋለሁ። እዚህ ተቀጥራ የምትሠራው የሰፈራችን ልጅ ናጃህ ዕረፍቷን ጨርሳ ከረመዳን በፊት፣ የካቲት 10 ወደ አማን ትመለሳለች፤ እሷ ታመጣልኛለች።

እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎች በእማዬ እጅ የተጻፉት ለምንድን ነው? የእሷ ጽሕፈት ያምራል፤ ያንተ ግን ይናፍቀኛል።

ልጅህ ሊዲያ

*

ቡታጅራ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊዲያ ገብሬ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽን እናትሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለራሷ። ለራሷ ስታነብ ታለቅሳለች፣ ለእኔ ስታነብ ግን ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች።

እሷ የምትጽፈው መነጽሬ ስለተሰበረ ነው። ባጃጅ ነጂ መስታወት ሊያስገጥም መጥቶ ተቀመጠበት። አዲስ አዝዣለሁ። እናትሽ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ስለሆነች የምነግራትን ሁሉ ማረም ትወዳለች፤ ያላልኩት ነገር ካገኘሽ የእሷ ነው። (እኔ ነኝ፣ ጥሩወርቅ። ያላለው ነገር የለም፤ የማሳምረው ቋንቋውን ብቻ ነው።)

ብርጭቆ ሰልፍ የለውም ማለትሽ ገርሞኝ ለሁለት ቀን አሰብኩበት። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሳቀልጠው «ይህ ነገር ቅጥ የለውም፣ እሳት ባየ ቁጥር ሐሳቡን ይለውጣል» እል ነበር። ለካ እውነቴን ነው! ፋብሪካ እያለሁ አንድ አለቃ ነበረን፤ «ገብሬ፣ ብርጭቆ ድንጋይ መሆን እየፈለገ ያልሆነ ውሃ ነው» ይለኝ ነበር። የሰከረ ይመስለኝ ነበርና በልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ባዶው ቱቦ ይላካል፤ በዚህ አታስቢ። በነሐሴ ከሳብኳቸው ሦስት ተርፈው መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ከዚያው ከአንዱ ብርጭቆ ናቸው። ጫፋቸውን ማሸግ ብቻ ነው የቀረው። አዲስ መሳብ አያስፈልግም፤ ደግሞም የጋዙ ነገር ሰሞኑን አስቸጋሪ ነው።

ሱቁ ደህና ነው። ሥራው በአብዛኛው የባጃጅና የቁም መስታወት ሆኗል። ሸረፋ ጎረቤታችን በርበሬውን ከማረቆ አምጥቶ ዘንድሮ ሰፈሩን አቃጥሎታል፤ እናትሽ አንድ ኩንታል የሚያህል አስፈጭታ ቤቱን በርበሬ በርበሬ አሸትታዋለች። (ሃያ ኪሎ ነው።) አንቺ የምትበዪው ምንድን ነው? ደብዳቤሽ ላይ ስለ ምግብ አንድም ቃል የለም። እናትሽ ይህንን ልብ ብላለች።

ዶክተር ያረጋል ሰላም በያት ብለውኛል፤ ወልቂጤ ለጉዳይ ሄጄ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ምን ጉዳይ እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ጥቃቅን ነው።

ተባረኪልኝ።

አባትሽ ገብሬ

*

አማን፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወዳችሁ አባዬና እማዬ

ሰላማችሁ ይብዛ። ናጃህ በሰላም ገብታለች። ዕቃውንም ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ አሠሪዎቿ ቤት ሳትገባ በቀጥታ አመጣችልኝ፤ አላህ ይስጥሽ አልኳት፣ አሜን አለችኝ። ቆሎው፣ የታሸገው ቅቤ፣ ሹራቡም ደርሶኛል። እማዬ፣ ሹራቡ ልክ ነው፤ ስለ ምግቡም እመልሳለሁ፣ እበላለሁ።

ሦስቱም ቱቦዎች ሳይሰበሩ ደርሰዋል።

እማዬ፣ ባዶ ብዬ አልነበር የጻፍኩት? ደብዳቤዬን ደግሜ አየሁት፤ «ባዶ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ አለበት። ሦስቱም ቱቦዎች እስከ አፋቸው ጢም ብለው በማረቆ በርበሬ የተሞሉ ናቸው! የማሽኗ ኃላፊ ወደ ብርሃን አንስታ «ይህ ቀይ ምንድን ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ቅመም ነው» አልኳት። «ባዶው የታለ?» አለችኝ። «ይኸው ባዶው» አልኳት። እንደዚያ ስቄም አልቅሼም አላውቅም፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ።

እማዬ፣ አልተቆጣሁም። አውቃለሁ፤ ጎረቤት በሳህን የላከችልሽን እንኳ ሳህኑን ባዶ መልሰሽ አታውቂም፤ ለልጅሽማ እንዴት ብለሽ። ግን አሥራ ሁለት ቀን ቀረኝ። አንዱን ሰብሬ ላጥበው ሞከርኩ፤ ቀጭን ስለሆነ እጄ ላይ ተፈረፈረ፣ ቢሮው በሙሉ አስነጠሰ። የቀሩት ሁለቱ ውስጣቸው ቢታጠብ እንኳ ቀሪ ዘይት አለው፤ ጨረሩ ያየዋል።

አባዬ፣ አሁን አንተን ልጠይቅህ። አዲስ ባዶ ቱቦ ስበህ በዲኤችኤል ብትልከው በአምስት ቀን ይደርሳል። የማይሆንበት ምክንያት ካለ ንገረኝ። ሌላም አለ። የእነዚህ የሦስቱ ጫፍ ድብልብል ነው፤ አንዱማ ጠቁሯል። አንተ ያሸግኸው ጫፉ እንደ መርፌ ነው። ይህ ያንተ እጅ አይደለም። ማን ነው ያሸጋቸው?

እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሊዲያ

*

ቡታጅራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የልቤ ልጅ ሊዲያ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ እናትሽ ነኝ፤ በራሴ ስም። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፤ ሳቁ ሲያልቅ ተራውን ይወስዳል።

ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። «ባዶ» የሚለውን አይቻለሁ። አራቱንም አይቻለሁ። ግን ልጄ አንድ ነገር ላኪ ስትለኝ፣ ባዶ ዕቃ ጠቅልዬ «እንኪ» ልበላት? እጄ እንቢ አለኝ። «ባዶ» ማለትሽ ‹ቡላ የሌለበት› ማለት መሰለኝ፤ በርበሬ ደግሞ ቡላ አይደለም። ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልዬ በእሱ ቀስ አድርጌ ሞላሁት። ያሸግኩትም እኔው ነኝ። አባትሽ አሳይቶኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባ ሄዶ ነበር። ያኔ ለአንቺ «ከዱቄት በላይ አራት ጣት ይተዋል» ሲልሽ ሰምቼ ነበር፤ እኔ ግን ለልጄ ጎደሎ አልልክም ብዬ እስከ አፉ ሞላሁት። እሳቱን ሳስጠጋው በርበሬው ተቃጠለና ግቢው በሙሉ ሲያስል ዋለ። ሸረፋ እንኳ በአጥሩ ብቅ ብሎ «ጥሩወርቅ፣ ጦርነት ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ ላይ ይሁን ጥፋቱ ሁሉ። ምነው እጄን በቆረጠው አልኩ።

አሁን አባትሽ ይናገር።

ልጄ ሊዲያ፣ እኔ ነኝ። እናትሽን ተያት፤ ሁለት ቀን ምግብ አልበላችም። አሁን ነው የበላችው።

አዲስ ቱቦ መሳብ አይሆንም። ጋዙ ጥሩ አይደለም፤ ቱቦ የምስብበት የብርጭቆ ዱላም አልቋል። ግን ስሚኝማ። ያን ቀን ቡላሽን ይዘሽ ስትመጪ «አባዬ፣ ለምን ሙሉውን አልሞላኸውም? ይኸ ሁሉ ቦታ ባክኗል» ብለሽ እንደ ተከራከርሽኝ ትዝ ይልሻል? እኔ ምን አልኩሽ? እሳት ከዱቄት ጋር አይቀራረብም፤ አራት ጣት ካልተወሽለት ያርራል አልኩሽ። መርፌ አምፑልም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ እስከ አንገቱ አይሞላም።

እንግዲህ በአሥራ ሁለቱም ቱቦዎች ውስጥ ከዱቄቱ በላይ አራት ጣት ባዶ አለልሽ። ያው ብርጭቆ፣ ያው ቱቦ፣ ዱቄት የሌለበት። ማሽኑ ጨረሩን ከፍ አድርጎ እዚያ ላይ ማሳረፍ አይችልም? ካልቻለ እኔ ስለ ማሽን አላውቅም፤ ሽማግሌ ተናገረ በይውና ተይው።

አባትሽ

*

አማን፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ

ደብዳቤህን በአውቶብስ ውስጥ አንብቤ ጮህኩ። ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ይችላል! ጨረሩ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፤ የፈለግንበት ቦታ ላይ እናሳርፈዋለን። ቱቦው ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ባዶውን ከቡታጅራ ሳስመጣ! ለዶክተር ያረጋልም ወዲያው ጻፍኩላቸው፤ «አባትሽን የሁለተኛ አማካሪ አድርገሽ አስመዝግቢልኝ» ብለዋል። እማዬ፣ አንቺም ኩሪ እንግዲህ፤ በርበሬሽ ባይኖር ይህ ሐሳብ አይመጣም ነበር። ሁለቱን ቱቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እሱም በአንተ እጅ ነው። የማሽኗ ኃላፊ «ይህ የሚሆነው የቱቦው ግድግዳ ከላይም ከታችም እኩል ውፍረት ካለው ብቻ ነው» አለችኝ። ላይ ያለው ብርጭቆ ቀጭን፣ ዱቄቱ ጋ ያለው ወፍራም ከሆነ የምቀንሰው የተሳሳተ ይሆናል፤ መልሱም ይሳሳታል። በእጅ የተሳበ ቱቦ እኩል ሊሆን አይችልም ትላለች። እኔ በአባቴ እምላለሁ አልኳት። እሷ ደግሞ «መሐላ አልመዘግብም፤ ሠሪው ቁጥር በቁጥር ይጻፍልኝ» አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ስለዚህ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ እያንዳንዱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ጻፍልኝ። አንድ እስከ ስምንት አዲስ የተሠራው መድኃኒት ነው። ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ የቆየው፣ ያ የጥያቄዬ መልስ የሆነው፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው ነው። በጥቅምት ያሸግህልኝ።

አባዬ፣ ስለ እጅህ የጠየቅኩህን እማዬ በሳቅ አልፋዋለች። እማዬ ማሸግ ለምን ተማረች? መስታወት ስትቆርጥ እንኳ ማንንም አታስጠጋም ነበር። መነጽሩስ እስካሁን አልተሠራም? ለሥራው ስትል እውነቱን ንገረኝ፤ ለእኔም ስትል።

ልጅህ ሊዲያ

*

ቡታጅራ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊዲያ

ደብዳቤሽ ከደረሰን ሦስት ቀን ሆነው። እናትሽ ብዕር ይዛ ሦስት ጊዜ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሦስት ጊዜ «ነገ» ብያታለሁ። ዛሬ «አልነሳም» ብላ ተቀምጣለች።

ከአንድ እስከ ስምንት፣ እኩል ናቸው። በነሐሴ የሳብኳቸው ናቸው። ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም እኩል ናቸው። ይህንን በጌታ ፊት እጽፋለሁ፤ ለሴትዮዋ ስጫት።

ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን ግን አትመኛቸው።

ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከመስቀል ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ሻይ ስይዝ ነው ያየሁት፤ ስኒው ሳህኑ ላይ ሲንጫጫ እናትሽ ቀና ብላ አየችኝ። በጥቅምት ያን አራቱን ቱቦ ስስብልሽ እጄን ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የሳብኩት። ስስብም ሳሽግም «ውሃ አምጪልኝ»፣ «በሩን ዝጊው»፣ «ሸረፋ መጣ መሰለኝ እዪ» እያልኩ ደጋግሜ የላክሁሽ እንዳታዪኝ ነው። ድመት ሰበረችው ያልኩሽን ቱቦ ድመት አልሰበረችውም። መነጽሬም አልተሰበረም። ይኸው ዓይኔ ላይ ነው።

አሁን ሱቅ ውስጥ የመስታወት መቁረጫውን አልማዝ የምትይዘው እናትሽ ናት። እኔ መስመሩን አሳያታለሁ፣ እሷ ትቆርጣለች። ደንበኛ ሲመጣ ትታ ትቆማለች፤ ሰው እንዳያውቅብኝ። (ልጄ፣ ይህን ስጽፍ እየነገረኝ ያለው ግድግዳውን እያየ ነው።) ያልነገርኩሽ ትተሽው ትመጪያለሽ ብዬ ነው። አንቺ እንደሆንሽ ትመጪያለሽ። አራት ዓመት የለፋሽበትን ለአንድ ሽማግሌ እጅ ብለሽ እንድትጥዪው አልፈለግኩም። ይኸው አሁን በእጄ ምክንያት የለፋሽበት ሊበላሽ ነው። ይቅር በይኝ።

ወልቂጤ የሄድኩበት ጥቃቅን ጉዳይም ሐኪም ነበር። ደጁ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለሕመሙ ስም ከሰጡት በኋላ ስሙ ቤት ይገባል፤ ይህንን ፈራሁ። በዚህም እፍረት ይሰማኛል።

ለሴትዮዋ እውነቱን ንገሪያት። ስምንቱን ለኪ። ለአራቱ ከቻልሽ መላ ፈልጊ፤ ካልቻልሽ ግን ያልሆነውን ሆነ ብለሽ እንዳትጽፊ።

አባትሽ ገብሬ

*

አማን፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ

አሥራ ሁለት ቀን ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ እንዳይመስልህ። በእማዬ በኩል «ደርሶኛል፣ እወድሃለሁ» ብቻ ብዬ የላክሁት ሌላ ነገር ብጽፍ አውሮፕላን እንደምሳፈር ስላወቅኩ ነው። ትኬቱን ፈልጌ ነበር። ከዚያ «እንድትጥዪው አልፈለግኩም» ያልከውን ደግሜ አነበብኩና ተውኩት። አሁን ሁሉንም በተራ ልንገርህ።

ደብዳቤህን ለማሽኗ ኃላፊ እንዳለ ተረጎምኩላት፣ ግድግዳውን እያየህ መናገርህን እንኳ አልዘለልኩም። ከዚያ «ሠሪው እንዲህ የሚጽፍ ከሆነ አሥራ ሁለቱንም እንለካለን» አለችኝ። ጾመኛ ናት፤ ሦስቱን ቀን ምሳ ሰዓቷን ሳትወጣ ከእኔ ጋር ዋለች።

ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት እንዳልከው ናቸው። ላይና ታቹ ፍጹም እኩል ነው፤ «ይህ በእጅ አልተሠራም» ብላ እንደገና አስለካችኝ። እንደገናም እኩል ሆነ።

ለአራቱ ያገኘነው መላ ይህ ነው። ብርጭቆ ሰልፍ ባይኖረውም አቶሞቹ ከቅርብ ጎረቤታቸው የሚቆሙበት የራሳቸው ርቀት አላቸው፤ የቡላውና የመድኃኒቱ ርቀት ከዚያ ይለያል። ስለዚህ በርቀት መስመሩ ላይ የብርጭቆውን ለይቼ አየዋለሁ፤ ከፍ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ዝቅ ካለ ቀጭን ነው። አንድ ቦታ ለክቶ ከመተው፣ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው በየግማሽ ሚሊሜትሩ እየተንቀሳቀስን ለካን። ለአራት ቱቦ ሁለት ሙሉ ቀን ወሰደ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የዚያን ቦታ ብርጭቆ በልኩ ቀነስን።

አባዬ፣ መድኃኒቱ አልተሰለፈም! ከዓመት በኋላ፣ ከክረምቱ በኋላ፣ ቡላው ይዞታል። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ያለው ርቀት ቅርብ ላይ ይታያል፤ ራቅ ሲል መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የሰልፍ ምልክት የለውም። ሦስቱ እንዲህ ናቸው። ቁጥር አሥር ግን መሰለፍ ጀምሯል። አንተ እውነቱን ስለነገርከኝ እኔም አልደብቅህም፦ ጫፉ ላይ ከዓይን የተሰወረች ቀዳዳ አለችው፤ እርጥበት ገብቶበታል። ዶክተር ያረጋል በቪዲዮ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ፤ እርጥበት ያገኘውና ያላገኘው ጎን ለጎን መታየቱ ሳናቅድ ያገኘነው ማነጻጸሪያ ሆነልን። ሰኔ ላይ አቀርባለሁ።

አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ ስማ፤ እማዬም ቀስ ብላ ታንብብልህ።

የአራቱን ቱቦ የብርጭቆ ውፍረት ከታች እስከ ላይ በአንድ ወረቀት ላይ ሳወጣው መስመሩ ቀጥ አላለም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። አራቱም ላይ የከፍታና የዝቅታው አካሄድ አንድ ዓይነት ነው። ኃላፊዋ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔ ወዲያው አወቅኩት። በጥቅምት ውሃ እንዳመጣ ስትልከኝ እጅህ የሠራው ነው። ጀርባዬን ሰጥቼህ ቆሜ ያላየሁትን እዚህ አገር መጥቼ አየሁት። ከማሽኑ ክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ገብቼ ቀነስኩት። መቀነስ ነበረብኝ፤ ካልተቀነሰ መድኃኒቱ አይታይም። ግን የቀነስኩትን አልጣልኩትም። «የአባዬ እጅ» ብዬ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ከሥራዬ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከፍቼ የማየው እሱን ነው።

አሁን እለምንሃለሁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ስሙን ሰጡትም አልሰጡትም፣ እኔ አይቼዋለሁና አዲስ ነገር ሆኖ ቤት አይገባም። እማዬ አብራህ ትሂድ፤ ከደጅ እንዳትመለስ ክንድህን ትያዝህ።

በጣም የምትወድህ ልጅህ ሊዲያ

*

ቡታጅራ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊዲያ

ጌታ ይባረክ። መድኃኒቱ አለመሰለፉን ለሽማግሌዎቹ ሁሉ ተናገርኩ፤ ግማሾቹ መድኃኒት ተሰልፎ የሚያውቅ መስሏቸው ግራ ገባቸው። የቁጥር አሥር ቀዳዳ ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም። ማነጻጸሪያ ሆነ ብለሽ ያጽናናሽኝ ይገባኛል፤ ቀዳዳ ግን ቀዳዳ ነው። እናትሽ አሁን እኔ በምነግራት ስታሽግ ቀዳዳ አይታይባትም። (ሁለት ሰብሬ ነው።)

ትናንት ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያለ አልማዙን ለእናትሽ ሰጠኋት። ሰውየው አየኝ፣ እጄንም አየ። ከዚያ «የመስታወቱ ዋጋ ስንት ነው?» አለ። ይህን ያህል ወር የፈራሁት ይህንን ነበር።

ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘናል። ናጃህ በስልክ አግኝታን እህቷ የምትሠራበትን ክሊኒክ ነገረችን፤ እናትሽ ሄዳ ተራ አስያዘች። ክንዴን ትይዘኛለች፣ ካልያዘችኝም እሄዳለሁ።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያን «የአባዬ እጅ» ያልሽውን መስመር በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እዚህ እናሳትመዋለን፤ ተለቅ ይበል፣ አራቱም በአንድ ወረቀት ላይ ይሁኑ። ሐኪሙ «ምን ይሰማዎታል? መቼ ጀመረዎት? እንዴት ነው የሚያደርግዎት?» ማለቱ አይቀርም። እኔ በአፌ መናገር አይሆንልኝም፤ ለእናትሽ እንኳ ግድግዳ እያየሁ ነው የተናገርኩት። ወረቀቱን ግን እሰጠዋለሁ። «ልጄ ለክታዋለች» እለዋለሁ።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ እስከ ረቡዕ ይድረሰኝ።

አባትሽ ገብሬ